የዓምሃ ድርሻ

ስለሺ ሶማሊያ ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ በምርኮ ቆይቶ ጉለሌ እህቱ ቤት የገባው በነሐሴ 1980 ነው። አንድ ወር ያህል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ሲሰማ ከረመ። የሰፈሩ ሰው እየመጣ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ይለዋል፤ እሱም "እግዜር ይመስገን" ይላል።

መስከረም ላይ ቀበሌው ለተመላሾች ክብር ብሎ በአዳራሹ ፊልም አሳየ። የድሮ የጦርነት ፊልም ነው፤ በጠላት እጅ የወደቁ የፈረንጅ ወታደሮች ታሪክ። ምርኮኞቹ በረዶ ላይ ተሰልፈው ሲቆጠሩ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ስለሺን አየው። ሙሉ የምትባለው እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እሱ ምንም አልተሰማውም። ብቻ አንዱ ምርኮኛ ሾርባውን ሳይጨርስ ሲነሳ፣ የስለሺ ዓይን ሳህኑ ላይ ቀረ። ማምለጡንም ተኩሱንም ልብ አላለውም።

መብራት ሲበራ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፀሐዬ፣ "እስቲ ጓድ ስለሺ፣ እንዲህ ነበር?" አለው።

"ያ ሰውዬ ሾርባውን ለምን ተወው?" አለ ስለሺ።

ሰዉ ሳቀ። እማማ ብርቅነሽ ግን አልሳቁም። ልጃቸው ዓምሃ ከስለሺ ጋር አብሮ ነበር የዘመተው። ስለሺ ከመጣ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጠይቀውት፣ ሁለቱንም ጊዜ "ሌላ ካምፕ ነበር" ብሏቸዋል። አሁን በር ላይ ጠብቀው ክንዱን ያዙት።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ።"

"ሞቷል፣ እማማ። በስድስተኛው ዓመት። ተቅማጥ ነው የገደለው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።"

ሙሉ ደንግጣ "ኧረ ቀስ በል!" ብላ ጎተተችው። እሱ ግን ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው ቀጠለ።

"ጠዋት ነው የሞተው። ሾርባ እስኪታደል ለጠባቂዎቹ አልተናገርኩም። የሱንም ድርሻ ተቀብዬ ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ ነው ሞቷል ያልኳቸው።"

እማማ ብርቅነሽ ክንዱን አልለቀቁትም።

"ትኩስ ነበር?" አሉ።

"አዎ፣ ትኩስ ነበር።"

"እንኳን ጠጣኸው።"

በማግስቱ እሳቸው ደጅ ድንኳን ተተከለ። ስለሺ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ ሲላቀስ እሱ እንባ አልመጣለትም። ከሰዓት በኋላ እማማ ብርቅነሽ ከሴቶቹ መሃል ተነስተው መጡና አጠገቡ ተቀመጡ።

"የቀበርከው የት ጋ ነው?"

መሬቱን በእንጨት እየጫረ አሳያቸው፤ የካምፑን ግንብ፣ በሩን፣ ከግንቡ ጀርባ ያለውን አሸዋ። "እዚህ ጋ" አለ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው የጫረውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስለሺ ሦስቱንም የለቅሶ ቀን እዚያው ዋለ።