የጠጠር ዓምድ

ዶማው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያርፍ ብልጭታ ተፋ። የአፈር ባለሙያው እጁ እስከ ክርኑ ነዘረውና ዶማውን ጥሎ ጣቶቹን አራገፈ። ጉድጓዱ ገና ከጉልበቱ አላለፈም።

«አፈር ነው ያልከኝ?» አለ ሹፌሩ፣ በመኪናው ጥላ ሥር እግሩን ዘርግቶ። «እኔ እኮ መንገድ የምትጠግን መስሎኝ ነው።»

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከላይ ሁለት ጣት የሚሆን ጠጠር አለ፤ ነፋስ ደቃቁን ወስዶ የተወው፣ ሰው ተቀምጦ የደረደረው የሚመስል። ከሥሩ አመድማ አፈር አለ፤ አፈር ይባል እንጂ ከግማሹ በላይ እሱም ጠጠር ነው። ክንድ ያህል ሲወረድ ደግሞ ነጭ ንጣፍ ተጋድሟል። ከትንሿ ጠርሙስ አሲድ ጠብ ሲያደርግበት እንደ ለስላሳ መጠጥ ተንፈቀፈቀ። ኖራ ነው። የሞተው ሣር ሥር እዚያ ድረስ ወርዶ፣ በር እንደተዘጋበት እንግዳ ወደ ጎን ታጥፎ ቀርቷል።

ከጉድጓዱ ያወጣውን አሥር ኪሎ በወንፊት ነፋ። ደቃቁ ወረደ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጠጠር በከረጢት አድርጎ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለው። ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

ደግሞ መዘነው። ሚዛኑ እንደ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም።

ከቦርሳው ከሦስት ዓመት በፊት የጻፈውን ሪፖርት አወጣና ዓምዱን በጣቱ ተከተለ። ጉድጓድ አንድ፣ ጠጠር ከመቶ አሥር። ጉድጓድ ሁለት፣ አሥር። ጉድጓድ ሦስት፣ አሥር። እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለት ይወርዳል። ሠልፍ የተሰለፉ ወታደሮች እንኳ እንዲህ እኩል አይሆኑም።

ያን ጊዜ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ «ድንጋይ ጭነህ እንዳትመጣብኝ፤ እኛ የምንመረምረው ደቃቁን ነው» ብሎት ነበር። ስለዚህ እዚሁ ነፍቶ ጠጠሩን መጣል ነበረበት፤ ከመጣሉ በፊት ግን መመዘን። የመጀመሪያውን ጉድጓድ፣ ከመኪናው አጠገብ የነበረውን፣ መዘነ፤ በእርግጥም አሥር ነበር። ከሁለተኛው ጀምሮ ወረቀቱ ላይ አሥር እያለ ሞላው። ላቦራቶሪው ደቃቁን መርምሮ ጥሩ አፈር ነው አለ። ደቃቁማ ጥሩ ነው። ድንጋዩ ከተለቀመለት ጥሩ ያልሆነ ማን አለ?

በዚያ ሪፖርት መሠረት መሥሪያ ቤቱ የአርብቶ አደሮቹን ማኅበር የበጋ ግጦሽ በሽቦ አጥሮ የተሻሻለ ሣር ዘራበት። በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴ ሆኖ ፎቶ ተነሣ። በሁለተኛው ቢጫ ሆነ። በሦስተኛው ፎቶ የሚያነሣ ሰው አልመጣም። አሁን የሣሩ መጥፋት ምክንያት ይፈለጋል፤ አለቃው ጠዋት ሲሸኘው፣ «ምክንያቱ ታውቋል፤ ከብት ገብቶበት ነው። ጠባቂው አምኗል። አንተ አንድ ጉድጓድ ቆፍረህ፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ አስፈርመህ ና» ብሎታል። የእምነት ቃሉ በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ ተደርጎ በቦርሳው ውስጥ አለ። ጠባቂው ከፈረሙ ከጥበቃው ይነሣሉ፤ ፍየሎቻቸውም ከማኅበሩ ግጦሽ ይወጣሉ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። የእሱን ያወጣው ዶማ ነው።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

ቀና ሲል ጠባቂው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመዋል። ሰዉ «አባ አጥር» ይላቸዋል፤ የሚጠብቁትን ሽቦ ከልጆቻቸው በላይ ይቆጥሩታልና። ለስብሰባው ሲሉ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የላይኛው ቁልፍ ሳይቀር ተቆልፏል።

«ደህና፣ አባቴ። እርስዎስ?»

«ሰው ፊት ሳንቀርብ ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«ለሣሩ ነዋ። ያን ሁሉ ለፋችሁበት። እኔ እንቅልፍ ጥሎኝ ሳለ ገብተውበት ይሆናል።»

«ሲገቡ አይተዋል?»

«አላየሁም። ማየት ግን ሥራዬ ነው።» ሽማግሌው ወደ ሽቦው ተመለከቱ። «ወረቀቱ ሣር ይበቅላል ካለ፣ ሣሩም ከጠፋ፣ የበላው አለ ማለት ነው። የእህቴን ፍየል አንድ ቀን እዚህ ጋ አግኝቻታለሁ። ከአጥሩ ውጭ ነበረች። አፏ ግን ይንቀሳቀስ ነበር።»

«የፍየል አፍ መቼ ቆሞ ያውቃል?» አለ ሹፌሩ ከወዲያ።

«እኔም እሱን ማሰብ ነበረብኝ። እህቴን ግን ሰው ፊት ሌባ አልኳት። ይኸው ዓመት ከመንፈቅ አንነጋገርም።» ፈገግ አሉ። «ትዝ ይልሃል? ያን ጊዜ፣ ይሄ መሬት ውሃ አይዝም፣ ለቁጥቋጦና ለፍየል እንጂ ለሣር አይሆንም ብዬህ ነበር። አንተ ወረቀቱን አሳየኸኝ። የተማረ ሰው ሲናገር ዝም ማለት ነው። እኔ የማውቀው በጫማዬ የረገጥኩትን ብቻ ነው።»

ያፈረ ሰው፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይላል። ባለሙያው ቀድሞ ራሱ ቆፍሮ ገብቶባታል፤ እሷ ግን ከጉልበቱ በላይ ልትውጠው አልፈለገችም። ሪፖርቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«ፀሐዩ ሳይበረታ እንሂድ» አለ።

ሽማግሌው ከጉድጓዱ ሊያወጡት እጃቸውን ሰጡት። ያዘው።

የማኅበሩ ሰዎች ከደረቀው የውሃ ገንዳ አጠገብ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ተሰብስበዋል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከባለሙያው ተቀብሎ፣ ማንም ሊያስቆመው ይችላል ብሎ እንደሚፈራ ሰው በችኮላ አነበበ። ሲጨርስ የማኅተም ቀለሙን ከፈተ።

«እንግዲህ አባ አጥር፣ ጣትዎን ያሳርፉና ጉዳዩ ተዘግቶ አጥሩ ይነሣልን። ከብቱ ርቦታል።»

ጠባቂው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ።

«ይቆዩ፣ አባቴ» አለ ባለሙያው። ድምፁ ከገዛ ጆሮው ራቀበት። «ሣሩን ከብት አልበላውም።»

«ታዲያ ማን በላው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማንም። ዱሮም ይህ መሬት ያን ሣር አይችልም ነበር። ከመቶው ስልሳ ሁለቱ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ውሃ አይዝም። ከሥር ያለው ኖራ ደግሞ ሥሩን ይመልሰዋል። እኔ የጻፍኩት ጠጠሩ አሥር ነው ብዬ ነው። አሥራ አንዱን ጉድጓድ ሳልመዝን ነው አሥር ያልኩት።»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ የምር ሊያውቅ ፈልጎ፣ «ለምን አልመዘንከውም?» ሲል ጠየቀ።

ባለሙያው ለዚህ ጥያቄ በመንገዱ ሁሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር ሊል ይችላል። ጊዜው አጭር ነበር ሊል ይችላል። የሰዎቹን ፊት ሲያይ ሁለቱም ጠፉበት።

«ሚዛኑ መኪናው ውስጥ ነበር።»

«መኪናውስ?»

«እዚያ፣ ግራሩ ሥር። ጥላ ፍለጋ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«አሁን የአጥሩ በር ያለበት ጋ።»

ሁሉም ዞረው ከበሩ እስከ ግራሩ ያለውን መሬት በዓይናቸው ለኩት። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። የሳቀ የለም። ቢስቁ ይሻለው ነበር።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «ይሄ ለጠባቂው የተሠራ ነው። ያንተን ስም የሚያስገባ ቦታ የለውም።»

«ጀርባው ባዶ ነው።»

በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው። አራት መስመር ብቻ ሆነ። ከስሙ ሥር ፈረመና ሰጠ። ሊቀመንበሩ አንብቦ አጠፈው። «በዚህ አጥሩ ይነሣ እንደሆነ አላውቅም» አለ፤ እንደ ቅሬታም እንደ ኀዘንም አድርጎ። «ቢሮዎቹ ቶሎ የሚሰሙን በሰው ጥፋት ሲሆን ነው።»

«ይሄም የሰው ነው» አለ ባለሙያው።

ጠባቂው እስካሁን አውራ ጣታቸውን እንዳነሡ ናቸው። ረስተውት ሸሚዛቸው ላይ ጠረጉትና ጥቁር ነጠብጣቡን አዩት። ባለሙያው ምስጋና አልጠበቀም፤ ቁጣ ግን ጠብቋል። ሽማግሌው አልተቆጡም።

«እኔ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ራሴን ስፈልግ ነበር» አሉ በዝግታ። «በየትኛው ቀን ነው የተኛሁት እያልኩ። ሚስቴን እንኳ ጠይቄያታለሁ።»

«አባቴ…»

«ለእኔ ነገርከኝ፤ በቃ። የእህቴ ቤት ያ ነው። ለእሷም ንገራት።»

«አብረን አንሄድም?»

«ከኋላህ ነኝ። እኔ ከቀደምኩ በሩን ትዘጋዋለች።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ በመስኮት ብቅ አለ። «ቢሮ ለምሳ ሊዘጋ ነው እኮ» አለ።

ባለሙያው ወደ እህትየዋ ቤት አቀና። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ፍየል በጉልበታቸው መሃል ይዘው ሰኮናዋን በቢላ ይከረክማሉ። የጠጠሩን ኮሽታ ሲሰሙ ቀና አላሉም።

«ማነህ?»

መታወቂያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «ከቢሮ…» ብሎ ጀመረ። ቢሮውን ተወው።

«ጠጠሩን ሳልመዝን አሥር ነው ብዬ የጻፍኩት ሰው ነኝ፣ እናቴ። ወንድምዎ ስለዚያ ነው ሌባ ያሉዎት።»

ቢላዋ ቆመ። ሴትዮዋ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ከትከሻው በላይ፣ ሃያ እርምጃ ርቀው ጠጠር እንደሚቆጥር ሰው መሬት መሬት የሚያዩትን ወንድማቸውን ተመለከቱ።

«ምንም አልገባኝም» አሉ። «ከመጀመሪያው ንገረኝ። ቆሞ የሚያወራ ሰው ደግሞ አልወድም፤ ለመሄድ የቸኮለ ነው።»

ከመንገዱ የመኪናው ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ባለሙያው ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠና አጠገቡ ተቀመጠ።