ምላጭ የሌላት ጀልባ

ሊንደን ከርስሌክ ያን ቅዳሜ ጠዋት ትዋይዘል የምትባል ከተማ ድረስ መኪናውን የነዳው ያገለገለች ጄት ጀልባ ሊገዛ ነው፤ አካሄዱን ላየ ግን ሌባ ሊይዝ የመጣ ይመስል ነበር። ወዶ አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጀልባ አይቶ ከሦስቱም ውሸት አውጥቷል። አንዷ "ባሕር አይታ አታውቅም" ተብላ ብሎኖቿ በጨው ተበልተው ነበር። ሁለተኛዋን ክራይስትቸርች የሚኖር አንድ ጎልማሳ አንድ ሰዓት ሙሉ አሞገሰለት። በዚያ አገር የራሱን ዕቃ የሚያሞግስ ሰው አይታመንም፤ ሊንደን ሞተሯን እንኳ ሳያስነሳ ተመለሰ። ሦስተኛዋማ ወለሏ በስብሶ ምንጣፍ ተነጥፎባት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ አራተኛዋ ዘንድ ሲደርስ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስተዋትና በጥርጣሬ የተነፋ ሆድ ይዞ ነበር።

አብራው የመጣችው ልጁ ቴጋን ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሁለት በጋ በፊት በተነፋ ጎማ ላይ ሆና ቤተሰቡ በጀልባ ሲጎትታት ውሃው ውስጥ ወደቀች፤ ልታነሳት የተመለሰችው ጀልባ ከኋላዋ የሚሽከረከረው ምላጭ ግራ ባቷን ቀደደው። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰፋች። የሚነዳው አባቷ ነበር። ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለሚስቱ ለሬይዊንም የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ ማርሹ ራሱ ተንሸራተተ። ጀልባዋን በሳምንቱ ሸጣት። ከዚያ ወዲህ ገና በመጣ ቁጥር ዘመድ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ቴጋን በመኪና የሚጎተተው ካራቫን ቤታቸው ውስጥ መጋረጃ ዘግታ ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ግን ራት ላይ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ምላጭ የሌላት ከሆነች አንዴ እሞክራለሁ" አለች። ጄት ጀልባ ውሃውን በሆዷ ስባ በጀርባዋ ትተፋለች እንጂ ውጭ የሚሽከረከር ነገር የላትም። ሊንደን ያቺን "አንዴ" የምትል ቃል ሌት ተቀን ሲያላምጣት ከረመ። አንዴ ማለት ሁለተኛ የለም ማለት ነው። የሚገዛት ጀልባ በዚያች አንድ ቀን ብታሳፍረው ልጁ ዳግመኛ ወደ ውሃ አትመለስም።

ሻጩ ኔቪል ስትራንግ ይባላል፤ ሰባ አራት ዓመት የሞላው፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ቃል የሚቆጥብ ሽማግሌ። ጀልባዋ ጋራዡ ደጃፍ ተሳቢዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ቀይ ናት፣ ስድስት ሰው ትይዛለች።

"እንዴት ናት?" አለ ሊንደን።

"ክፉ አይደለችም።"

"ክፉ አይደለችም ማለት?"

"ክፉ አይደለችም ማለት ነዋ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ለሊንደን ግን የሽማግሌው ዝምታ ራሱ የነቀዘ መሰለው። ዋጋዋ ከሌሎቹ በሲሶ ያንሳል። ለምን? የሞተሯ ቆጣሪ በዘጠኝ ዓመት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ሠራሁ ይላል። ማን ነካካው?

"ይኼ ቆጣሪ ይሠራል?"

"ከእኔ ይሻላል።"

"በዘጠኝ ዓመት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት?"

"ሚስቴ ታማ ነበር" አለ ኔቪል። "ስድስቱን ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳለፈችው። ጀልባዋን ማለቴ ነው።"

ቴጋን ሳቋ አመለጣት። ሊንደን ግን የታመመች ሚስት ለገበያ የምትመች ሰበብ ናት ብሎ አሰበ፤ እንዲህ በማሰቡም አፈረ። እሱ ደግሞ ሲያፍር ጥርጣሬው ይብስበታል። ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋልሎ ከተሳቢው ሥር ገባ፤ ባትሪውንም አበራ። ውሃ መሳቢያዋን አየ፣ በመስተዋት ውስጧን አየ፣ ወንፊቷን በጥፍሩ ፋቀ። ሁሉም ደህና ነው። ሁሉም ደህና መሆኑ አናደደው። ድንገት ዓይኑ ከፊቷ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል አዲስ ቀለም ላይ አረፈ።

"ያዝኩት!" አላት ቴጋንን በሹክሹክታ። "ነይ እዪ። የሆነ ነገር ቀብሮባታል።"

"ለምን አትጠይቀውም?"

"ይዋሻላ።"

"ሳትጠይቀው በምን አወቅህ?"

ሊንደን ከሥሯ ወጥቶ ሸሚዙን አራገፈ። "አቶ ኔቪል፣ ይኼ ቀለም ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ላይ አወጣኋት" አለ ሽማግሌው ዓይኑን ሳያሽ። "መጋቢት ላይ፣ አሁሪሪ ወንዝ ውስጥ። አስጠግኜ ነው የቀባኋት። የሠራው ሰው ወረቀት ወጥ ቤት አለ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"አሁን ጠየቅኸኝ፣ አሁን ነገርኩህ።"

"መሪዋ እምቢ ብሎ ነው አይደል?"

"መሪዋ ምን አደረገ? እኔ ነኝ። ድንጋዩን አየሁ፣ ደነገጥኩ፣ የነዳጁን እጀታ ለቀቅኩ። አርባ ዓመት ነድቼ እንደ ጀማሪ ለቀቅኩት። ዋጋዋንም የቀነስኩት፣ የምሸጣትም ለዚሁ ነው። እጄ አርጅቷል።"

ቴጋን ሽማግሌውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ አባቷን አየች፤ ብዙ ቆይታ ነው ያየችው።

"አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው" አለ ኔቪል። "ማነው የሚነዳት?"

"እኔ ነኛ።"

"የምትጎትተውስ ማንን ነው?"

"እኔን" አለች ቴጋን።

"እንግዲያው ውሃ ላይ ሳላይህ አልሸጥልህም።"

"ገዢ እኮ ነኝ!"

"ብትሆንስ?"

እንዲህ ያለ ሻጭ ሊንደን አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ይበልጥ ጠረጠረው። ቢሆንም ጀልባዋን እየጎተቱ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሦስቱም ተንሳፋፊ ጃኬት ለበሱ። ቴጋን ከኋላ ተቀምጣ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨመደደች። ኔቪል ከሊንደን አጠገብ ቆመ።

"ይቺ የምትታጠፈው በምትተፋው ውሃ ነው" አለው። "የነዳጁን እጀታ ከለቀቅህ ውሃ አትተፋም፤ ካልተፋች መሪው ጌጥ ነው። ስትደነግጥ አትልቀቅ። ትንሽ ነዳጅ ስጣትና ጠምዝዝ።"

"አውቃለሁ" አለ ሊንደን። ሃያ ዓመት ሙሉ ባለ ምላጭ ጀልባ የነዳ ሰው ሁሉን ያውቃል።

ጀልባዋ እንደ ቅቤ ነበር የምትሄደው። ሊንደን የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ አንዲት የምታጠራጥር ኮሽታ ፈለገ፤ አጣ። ይሄኔ ኔቪል ከእግሩ ሥር ባዶ የነዳጅ ጀሪካን አንሥቶ ሳይታሰብ ከፊታቸው ወረወረና፣ "ሰው!" ብሎ ጮኸ።

የሊንደን እጅ የነዳጁን እጀታ ለቀቀ። መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዘው። ጀልባዋ ግን ማንም እንዳልነካት ፊት ለፊት ሄደች፤ ጀሪካኑም ከሆዷ ሥር ድው፣ ድው ሲል ተሰማ።

"መሪው ተጣብቋል!" ብሎ ጮኸ ሊንደን። "አላልኩም? ብልሽት አለባት ብዬ ነበር!"

ጀሪካኑ ከኋላቸው ብቅ አለ።

"አባዬ" አለች ቴጋን። "ማርሹም ተንሸራተተ፣ መሪውም ተጣበቀ?"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ የለ? አንድ ወር ሙሉ በየሰው ግቢ በጀርባው እየተንጋለለ ውሸት ሲፈልግ የከረመ ሰው የገዛ ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ ሰማው። ሊንደን በዕድሜው እንደዚያን ጊዜ አፍሮ አያውቅም። መሪውን ይዞ ቀረ፤ ዞሮ ሊያያት አልደፈረም።

"ማርሹ አልተንሸራተተም" አለ። "ማቆም ሲገባኝ ወደ ኋላ አስገባሁት። ቸኩዬ ነበር። እኔ ነኝ፣ ቴጋን።"

"አውቃለሁ። ውሃው ውስጥ ሆኜ እጅህን አይቼዋለሁ።"

"አይተሽ ነው ሁለት ዓመት ዝም ያልሽው?"

"ሆስፒታል ለእማዬ 'ማርሹ ነው' ስትላት ሰማሁህ። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ጀልባውን አይደለም።"

ኔቪል ከሐይቁ ማዶ ወዳሉት ተራሮች ዞሮ ቆመ። ሊንደን "ይቅር በይኝ" አለ። ቴጋን ተነሥታ ወደ ፊት መጣች።

"ልቀቅልኝ" አለችው። "እኔ ልንዳት። አንተ ግባ።"

"የት?"

"ውሃው ውስጥ።"

ሊንደን ሽማግሌው እንዲያድነው ዓይኑን ላከበት። "ልጅቷ የምትለውን ሰምተሃል" አለ ኔቪል።

ሊንደን ገባ፤ ውሃው የበረዶ ልጅ ነውና አጥንት ይሰብራል። ጀልባዋ ትታው ራቀች፤ ከሩቅ ዞራም ወደ እሱ አቀናች። ሊንደን ምላጭ እንደሌላት ያውቃል፤ ጠዋት ሆዷን በባትሪ በርብሯል። ገላው ግን አላመነም። ቀይ አፍንጫዋ እየተለቀ፣ እየተለቀ መጣ። መሪው ላይ ያሉት እጆች ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ከዚያ ታች ሆኖ ማወቅ እንደማይቻል ገባው። ልጁ ምን እንዳየች ያን ጊዜ ገባው። ዋኝቶ ሊያመልጥ ፈለገ፤ እግሩን አስገድዶ ባለበት ቆየ።

ቴጋን የነዳጁን እጀታ አልለቀቀችም። ትንሽ ሰጠቻት፣ ጠመዘዘች፤ ጀልባዋም ጎኗን ሰጥታ ታጠፈች። ከዚያ ሞተሩን አጠፋችው። ጀልባዋ በዝግታ ተንሳፍፋ ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች።

"ፈራህ?" አለችው ከላይ ሆና።

"አልፈ..." ብሎ ጀመረና ተወው። "በጣም ፈራሁ።"

ቴጋን ቁልፉን ነቅላ ለኔቪል ሰጠችው።

"ከፍ አድርገው ይያዙልኝ" አለችው። "ከውሃው ሆኜ ላየው እፈልጋለሁ።"

ሽማግሌው ቁልፉን ከራሱ በላይ አንሥቶ ያዘ። ቴጋን ጫማዋን አወለቀች። ሁለት ጊዜ ቁልፉን አየች፣ አንድ ጊዜ አባቷን። ከዚያ ዘለለች።