ሦስት በአራት የጓሮ ቤት

ሰው ሁሉ እንደ አቅሙ ይሞኛል። እኔ ግን ሞኝነቴን በሠንጠረዥ ሠርቼዋለሁ።

በሚሊኒየሙ ዓመት ፍኖተ ሰላም የሥነ ዜጋ መምህር ነበርሁ። የካቲት ላይ እናቴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም፣ ቄስ ገብረሰንበትን አስጽፋ ደብዳቤ ላከችልኝ። «ፍኖተ ሰላም ሙቀት ነው ይላሉ፤ እውነት ነው?» ይላል፤ ሌላው ሰላምታ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ዓይኗ ደክሟል፣ ታናሽ እህቴም ተድራ ሄዳለች። አንተ ዘንድ ልምጣ ወይ ማለቷ ነው። እናቴ «ውሰደኝ» ብላ አትለምንም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆቻችን ሦስት ናቸው። ባለቤቴ እናትነሽ፣ «አሁኑኑ ይምጡ። ጓሮ ሰርቪስ እስክንሠራላቸው ከልጆቹ ጋር ይተኛሉ» አለችኝ። እሺ ብል ምን ነበረበት! ሕግ ማክበር እያልሁ ስለፈልፍ የምውል ሰው፣ መጀመሪያ ደንቡ ይጠና አልሁ።

ቡሬ የሚያስተምር ክንዱ የሚባል ጓደኛዬ፣ እዚያ የጓሮ ቤት ከጭቃ ከሆነ የጎረቤት ፊርማ ይበቃል ብሎኛል። እኛ ዘንድ ፕላን ይጠየቃል፣ ከአጥርም ሁለት ሜትር መራቅ አለበት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ እንጃ። እንግዲህ የቡሬን ደንብ ይዤ ማዘጋጃ ቤታችንን ልረታ ተነሣሁ። ሁለት ቅዳሜ ቡሬ ሄድሁ። በሦስተኛው ወደ ደምበጫ ዞርሁ፤ ለማነጻጸር ሁለት ከተማ አይበቃም ብዬ። ደብተሬ ላይ የአጥር ርቀት፣ የግድግዳ ዓይነት፣ የመጸዳጃ ቦታ እያልሁ አሰመርሁ።

እናትነሽ ደብተሩን ገልጣ አየችው። «እናትህ የትኛው ዓምድ ላይ ናቸው?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ለእናቴም ሁለት ገጽ ሙሉ መልስ ጻፍሁላት። ቡሬ እንዲህ ይላል፣ የኛ እንዲህ ይላል፣ ደምበጫ ደግሞ ገና አልተጣራም፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አልሁ። በጽሑፌ ኮርቼ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ፣ «ለማን ነው መምህር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእናቴ አልኋት። ቅጽ ሰጠችኝ። በአራተኛው ቀን ፈቃዱ ወጣ። ደብተሩን አሳየን ያለኝ የለም።

ፈቃዱን ይዤ ገበዝ ማርያም ወጣሁ። የእናቴ ቤት ተዘግቷል። ጎረቤቷ በአገጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆመኝ። ከቅጥሩ ጥግ አዲስ ጎጆ አለች፤ ሰፈሩ በደቦ ወጥቶ በአንድ ቀን ነው የሠራላት። እናቴ ቆብ ደፍታ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። መንኩሳለች።

«እምየ፣ ምነው?» አልኋት።

«ደብዳቤህን ቄስ ገብረሰንበት ሁለት ጊዜ አነበቡልኝ። ልጄ እንቢ ማለት አፍሮ ነው ይኸን ሁሉ ከተማ የሚቆጥርልኝ አልሁ። ላስጨንቅህ አልወደድሁም።»

እኛ አገር እንቢ የሚባለው እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ ነው። የእሷን አንድ መስመር የፈታሁ ሊቅ የራሴን ሁለት ገጽ አላየሁትም። አፈርሁ፤ እንባዬም መጣ።

ፈቃዱን አውጥቼ እጇ ላይ አኖርሁት። «ይኸው ተፈቅዷል፤ ሦስት ሜትር በአራት። ያንቺ ነው፤ ተነሽ እንሂድ።»

ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። «ቆብ ከደፉ ወዲያ ወዴት ይኬዳል ልጄ?» አለች። «ነይ ብትለኝ እኮ በረንዳህም ይበቃኝ ነበር።»

ዝናብ ጀመረ። ጎጆዋ ለአንድ ሰው እንኳ ትጠባለች። እናቴ ግን ወደ ጥግ ተጠጋችና፣ «ግባ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።