የሰማያዊው ማንቆርቆሪያ ብርሃን

እትዬ ኩዌ የሁዌ ከተማ ሠዓሊዎችን ግማሹን አስተምረዋል። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ወጥ ቤታቸው የተሰቀለውን የራሳቸውን የዘይት ቀለም ሥዕል በቅጡ ያልገለበጠ ተማሪ የራሱን ነገር አይስልም። ሥዕሉ ላይ ያለው ደግሞ የዚያው ወጥ ቤት መስኮት ሥር ያለ ጠረጴዛ፣ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያና ግማሹ የተላጠ ባሕረ ሎሚ ብቻ ነው።

ዛሬ ሥዕሉ ሊሄድ ነው። ሳይጎን ለሚያገባው ልጃቸው ሰጥተውታል፣ መኪናው ከምሳ በፊት ይመጣል፣ ማስተማራቸውም በዚሁ ያበቃል። የቀረችው ተማሪ ዲየም ብቻ ናት። ዛሬ ካልሆነላት አጎቷ ቤት ተመልሳ ሌላ ሰው የነደፈውን ስትቀባ መኖሯ ነው።

አጎቷ በዛፍ ሙጫ ሥዕል የሚሠራ ባለሙያ ነው። እዚያ ነጩ የእንቁላል ቅርፊት መጀመሪያ ይለጠፋል፣ ጥቁሩ ሙጫ እየደረቀ ይደራረብበታል፣ ከዚያ በውኃና በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ብርሃኑ ከሥር ብቅ ይላል። ዲየም ያደገችው በዚህ ነው።

እትዬ ኩዌ ድንገት ዞር ሲሉ ዲየም ሸራዋ ላይ የደረቀውን ማንቆርቆሪያዋን በብርጭቆ ወረቀት ትፈትጋለች።

«አንቺ ልጅ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብርሃኑን እያወጣሁ ነዋ፣ እትዬ። ነጩን ከሥር አድርጌዋለሁ።»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። «የሰማይ ያለህ! ቀብረሽው ነው የምትቆፍሪው? እዚህ ቤት ብርሃን መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ ከላይ! ዱብ ታደርጊውና ዘወር ትያለሽ።»

ዲየም በሐፍረት ጆሮዋ ጋለ። ሥዕሉን ግን እንደገና አየችው። ማንቆርቆሪያው ለካ ሦስት ሰፋፊ የብሩሽ ጭረት ብቻ ነው! እሷ እያንዳንዷን ጭረት በቀጭን ብሩሽ እንደ ጥልፍ ስትለቅም ከርማለች።

«አዲስ ሸራ ይስጡኝ!»

«መኪናው እኮ እየመጣ ነው።»

«ይምጣ!»

እትዬ ኩዌ ቀጭኑን ብሩሽ ነጥቀው በር የሚቀባበት የሚመስል ሰፊ ብሩሽ አስጨበጧት። «ተጠግተሽ ከሸራው ጋር ብትሳሳሚ ወዮልሽ!»

ዲየም ቆማ ቀባች፤ ወደ ኋላ ሮጣ አየች፤ ተመልሳ ቀባች። ጠረጴዛው በአንድ የብሩሽ ጉተታ መጣ። የባሕረ ሎሚው ልጣጭ መጠምዘዙን ስታይ ብቻዋን ሳቀች። እንዲህ ደስ ብሏት ሠርታ አታውቅም።

ጡሩምባ ተነፋ። ሾፌሩ ገባና ሥዕሉን አውርዶ በብርድ ልብስ ይጠቀልል ጀመር። ማንቆርቆሪያዋ ገና ብርሃን የለውም።

«ወንድሜ፣ አንዴ ብቻ ጠብቀኝ!»

«እህቴ፣ ሳይጎን ድረስ ነው የምነዳው፤ እዚህ ሰፈር መሰለሽ?»

ይዞት ወጣ። ብርሃኑ የት ነበር? አንገቱ ላይ? ሆዱ ላይ? ከጭንቅላቷ ጠፋ። ወጥ ቤቱ ውስጥ እውነተኛው ጠረጴዛ ላይ ያረፈውን የመስኮቱን ብርሃን አየች፤ ነጩን ዛቅ አድርጋ ማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ ዱብ አደረገችና ዘወር አለች።

እትዬ ኩዌ እስከ በሩ ርቀው ተመለከቱ። «የኔ ብርሃን አንገቱ ላይ ነበር» አሉ።

ዲየም ጨርቅ አነሣች። «ላጥፋው?»

«ሞክሪና እጅሽን እሰብረዋለሁ! የኔ መስኮት የጠዋት ነው፤ ያንቺ ቀትር ሆኗል። ይሄ ግልባጭ አይደለም፣ የራስሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ነገ ከቤትሽ ደስ ያለሽን ዕቃ ይዘሽ ነይ።»

«ማስተማር አቁሜያለሁ አላሉም?»

«ማን ያስተምርሻል? ቁጭ ብዬ ላይሽ ነው እንጂ።»

ዲየም እጇን ሳትጠርግ ተጠመጠመችባቸው። የእትዬ ኩዌ ሸሚዝ በሰማያዊ ቀለም ተለቀለቀ፤ እሳቸውም ይበልጥ አጥብቀው አቀፏት።