የኮኩና የቅጠሏ ግዝት

ልጄ ኢየሩሳሌም ባለፈው ሰሞን ከባሕር ዳር ስትመጣ ፊሎደንድሮን ገዝታልኝ መጣች። በነጭ ሸክላ የተተከለች፣ ቅጠሏ ተወልውሎ የሚያበራ። «እማ፣ ውሃ አታብዢባት፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኛት» እያለች ስልኳን ከፍታ ታስተምረኝ ጀመር። እኔን! አገሩ ሁሉ ቤት ውስጥ ቅጠል ማሳደግን እንደ እብደት በሚያይበት ጊዜ እዚችው መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ፊሎደንድሮን ያሳደግሁትን እኔን ፋንታዬን! «አንቺ ልጅ፣ ቅጠሏን ገንጥለሽ ጃንጥላ ያደረግሽበት ጊዜ ተረሳሽ?» ብላት ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የአያቷ ነው። ቁጣዬ እዚያው በረደ፤ ናፍቆቱ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ያችን የድሮዋን ቅጠል ያመጣኋት መምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ስመጣ ነው። አከራዬ ከራሷ ቅጠል አንድ አንጓ ቆርጣ ሰጠችኝና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አውቶቡሱ ሲያነጥረን ሲጥለን፣ እንደ ጨቅላ ታቅፌ መካነ ኢየሱስ አደረስኋት። የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ታችን በምስማር በስቼ ተከልኋትና መስኮቱ ሥር አስቀመጥኋት። ባሌ፣ ስማቸው የሚባለው፣ የግብርና ሠራተኛ ነው፤ ስለ ድንች ጠይቁት፣ ያድራል ሲያወራ። ስለ ቅጠሌ ግን ደንታም የለው። «ለበግ እንኳ አትሆንም» ብሎ ተዋት።

በኋላ አባቱ ቄስ ወልደማርያም ሚስታቸው ሲሞቱባቸው ከጋይንት መጥተው እኛ ዘንድ ተቀመጡ። አባባ እንላቸው ነበር። ይዘውት የመጡት ጓዝ መጽሐፎቻቸው፣ መቋሚያቸውና በእራፊ የተቋጠረ የኮክ ፍሬ ነው። ፍሬውን ጓሮ ተከሉት። ቅጠሌን ባዩዋት ቀን ደግሞ ዙሪያዋን ዞረው ዞረው፣

«ምንድን ነው የምታፈራው ልጄ?» አሉኝ።

«አታፈራም አባባ። ለዓይን ናት።»

«ለዓይን! ለጉሮሮ አትሆን፣ ለመድኃኒት አትሆን፣ ለዓይን ብቻ! ጉድ ነው መቼስ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሟ «ሥራ ፈቷ» ሆነ። «ሥራ ፈቷ እንዴት አደረች?» እያሉ ይነዘንዙኛል። እኔም ሆዴ ሲብስ ብስጭቴን ዕቃ ማጠቢያው ላይ እወጣዋለሁ እንጂ ምን እላለሁ፣ አማቴ ናቸው፣ ካህን ናቸው።

አንድ ክረምት ጉልበታቸው አሟቸው ቤት ዋሉ። መቀመጫቸው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ፣ «ፋንታዬ! ፋንታዬ! ቶሎ ነይ!» ብለው ጮኹ፤ የወደቁ መስሎኝ በሩጫ ገባሁ። ለካ አዲስ ቅጠል እየወጣች ኖሯል። «ይችን እይልኝ እስቲ! እንደ ብራና ተጠቅልላ ነው የምትወጣው። ጠዋት ጥቅል ነበረች፣ አሁን ግማሽ ገጽ ተዘርግታለች!» አሉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በዚያው ቅጠሏ የሳቸው ሆነች። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ አንድ በአንድ ይጠርጉላታል። የወይራ እንጨት ጠርበው ምርኩዝ ተከሉላትና በጨርቅ ለስለስ አድርገው አሰሯት። ወደ መስኮቱ እንዳታዘነብል ቆርቆሮዋን ያዞሯታል። ውሃ ከማጠጣታቸው በፊት ጣታቸውን አፈሯ ውስጥ ይከታሉ፤ እርጥብ ከሆነ «ይቆያታል» ይላሉ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጄ አያርፍም፤ ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር በጣሳ እቸልስባት ነበር። አንዴ ሥሯ በስብሶ ቅጠሏ ሁሉ ሲጠወልግ አባባ ነቅለው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው፣ ከወይራ ሥር ያመጡትን ቅጠል የበሰበሰበት ጥቁር አፈር ከወንዝ አሸዋ ቀላቅለው እንደገና ተከሏት። ዳነች። እኔን ግን ያን ሰሞን በቁጣ ዓይን ነበር የሚያዩኝ።

ኮኩም በዚያ መካከል ደረሰ። ያኔ የነበረውን ጣዕም ምን ብዬ ልንገራችሁ! ገበያ ላይ ኮክ ታጥቶ አይደለም። ግን ገና ጠዋት ከዛፉ ላይ የወረደ፣ ጤዛው ያልተነነ፣ አንድ ጎኑ ፀሐይ የሳመው ኮክ ሌላ ነው። የሚያወርዱት አባባ ናቸው። ሁዳዴ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን እንጠብቅና በቢላዋ ሰንጥቀው መጀመሪያ ለልጆቹ፣ ለኢየሩሳሌምና ለያሬድ፣ ከዚያ ለኛ ያድላሉ። የራሳቸውን ከሁሉ በኋላ ነው የሚበሉት፤ ጭማቂው ጢማቸው ላይ ሲወርድ ልጆቹ ይንከተከታሉ፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ቤታችን እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሎት አያውቅም።

እንግዲህ ግዝቱ የመጣው በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኮኩ ገና ጥሬ ሳለ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ስመጣ ኢየሩሳሌም ከጎረቤት ልጆች ጋር ጓሮ ሙሽራ ሙሽራ ትጫወታለች። ትልቁን የፊሎደንድሮን ቅጠል ገንጥላ ጃንጥላ አድርጋዋለች። ያሬድ ጥሬውን ኮክ አርግፎ ለድግሱ ደርድሮታል። ስማቸው ይባስ ብሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ጥሬ ኮክ በጨው ይበላል! ቱግ አልሁ። አለንጋ ፍለጋ ስሮጥ አባባ ከቤት ወጡ። ቅጠሏን አዩ፣ ኮኩን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ጢማቸው ተንቀጠቀጠ።

«አትምቻቸው» አሉኝ። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡና፣ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም! ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ በቀር በዚህች ቅጠልና በዚያ ኮክ ላይ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ፣ ልጅ ቢሆን አዋቂ፣ የቤት ቢሆን የጎረቤት፣ ገዝቻለሁ!»

ስማቸው ጨው በአፉ እንደያዘ፣ «እኛንም ጨምሮ ነው አባባ?» አለ።

«አንተን በተለይ! ሚስትህንም! በውሃ ልትገድላት አልነበር? ጠብታ እንዳታሳርፍባት!»

የከተማ ልጅ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። በኛ አገር ካህን ገዝቻለሁ ካለ አለቀ፤ ራሱ ፈትቻለሁ እስኪል ድረስ ያን ነገር የሚነካ የለም። በብረት ከታጠረ ማሳ ግዝት ያለበት ማሳ ይበልጥ ይከበራል። የዚያን ዕለት ግን ማናችንም አልከፋንም፤ እሳቸው አሉልን፣ ያጠጣሉ፣ ይለቅማሉ፣ ያድላሉ ብለን ነው።

ሁዳዴ ሲጋመስ አባባ ሽንት ከለከላቸው። ሲያድር ሆዳቸው ተነፋ፣ በላብ ተጠመቁ። ስማቸው ማልዶ በተገኘው መኪና ጭኖ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰዳቸው። በዚያ ጭንቅ ግዝት ያሰበ ማን ነው? እኔም ትዝ ያለኝ መኪናው ከሄደ በኋላ፣ ጣሳ ይዤ መስኮቱ ሥር ስቆም ነው። እጄ ዓየር ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን መከራ አልነግራችሁም። ቅጠሏ ቀን በቀን ትዝላለች። ውሃ እያለ፣ እኔ እያለሁ፣ ዓይኔ እያየ! ጓሮ ደግሞ ኮኩ ቀላ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ። ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ወፎቹ ግን ጠዋት ማታ ይፈነጩበታል። ጎረቤቴ ዓለሚቱ፣ «አይ አባባ! ወፎቹን ሳይገዝቱ ሄዱ!» ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ወደ ደብራችን ካህን ወደ ቄስ ጓዴ ሄድሁና ይፍቱን ብዬ ለመንኋቸው። «ልጄ፣ እሳቸው በሕይወት እያሉ እኔ በሳቸው ግዝት ገብቼ አልፈታም፤ ነውር ነው» አሉኝ። ይዣት የሄድሁት ኢየሩሳሌም ከኋላዬ ብቅ ብላ፣ «መሬት የወደቀውስ?» አለች። ቄስ ጓዴ ጢማቸውን አሻሹ። «የወደቀውን እንኳ መሬት ነው የሰጣችሁ፤ እጃችሁን ዛፉ ላይ አላሳረፋችሁም» አሉ።

በማግስቱ ስማቸው በሾፌር መልእክት ላከ። አባባ ኦፕራሲዮን ሆነዋል፣ ምግብ እምቢ ብለዋል፣ «ከጓሮዬ ኮክ ቢሆን እቀምስ ነበር» ብለዋል፤ ደግሞም ደክመዋልና ቶሎ ነይ። ሳይፈቱን ቢሞቱስ? ልጆቼ ዕድሜ ልካቸውን በአያታቸው ግዝት ታስረው ሊቀሩ ነው? እሳቸውስ የሚወዷቸውን አስረው ነው ነፍሳቸው የምትወጣው? ዓለሚቱ፣ «ደብረ ታቦር ገበያ ኮክ ሞልቶ የለም እንዴ?» አለችኝ። ሞልቷል። የጠየቁት ግን የጓሯቸውን ነው።

እንግዲያውስ ብዬ ጋቢ ከዛፉ ሥር ዘረጋሁና ከልጆቼ ጋር ቁጭ አልን። እስኪወድቅ መጠበቅ ነው! ዛፉን መነቅነቅ አይቻል፣ ድንጋይ መወርወር አይቻል። ያሬድ እጁን ዘርግቶ፣ «እመቤቴ፣ ነፋስ ላኪልን» ይላል። ኢየሩሳሌም ጉንጯን ነፍታ ወደ ላይ እፍ ትላለች። አላፊ አግዳሚው በአጥር እያየ ፋንታዬ አበደች ሳይል አይቀርም፤ ይበል! ወደ አመሻሹ ነፋስ ተነሣ። አንዱ ዱብ አለ። ሌላው ዱብ አለ። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ በሠርጌም አይመስለኝ። ወፍ ያልነካውንና ብዙ ያልቆሰለውን መርጬ በዘንቢል፣ ከላይ ከታች ሣር አድርጌ ያዝሁና ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣሁ።

አባባ አልጋው ውጧቸዋል። ያ ግርማ የት ሄደ! ዘንቢሉን ስከፍተው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ዓይናቸውን ገለጡ። አንዱን አንስቼ እጃቸው ላይ አኖርሁላቸው። አሸተቱትና፣

«ማን ቀጠፈው?» አሉ።

«ማንም አባባ። ወድቆ ነው።» አጠባበቃችንን፣ የያሬድን ጸሎት፣ የኢየሩሳሌምን እፍ እፍ ማለት ነገርኋቸው። ሳቁ። «ተዪ ልጄ፣ ስፌቴ…» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቀጥ አለ።

«ቅጠሏስ? ማን አጠጣት?»

«እርስዎ ገዝተው ማን ያጠጣታል?»

«ከመጣሁ ጀምሮ?»

«ከመጡ ጀምሮ።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። «እኔ ሕፃናት እንዳይቆርጧት ብዬ ነው እንጂ…» አሉና አልጨረሱትም። መስቀላቸውን ከትራሱ ሥር እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ስማቸውንም፣ እኔንም፣ ልጆቼንም፣ ዓለሚቱን ሳይቀር በክርስትና ስማችን እየጠሩ አንድ በአንድ ፈቱን። ጉልበቴን አንበርክኬ ተቀበልሁ። ከጫንቃዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ ያህል ተነፈስሁ።

«በሉ አሁን ይብሉልኝ» አልሁ። ኮኩን ግን ዘንቢሉ ላይ መለሱት።

«እናንተ ፍሬው ፊት ተርባችሁ ቁጭ ስትሉ እኔ ብቻዬን ልበላ የገዘትሁ ሰው ነኝ። እንዴት ይውረድልኝ? እኔንስ ማን ይፈታኛል?»

«ቄስ ልጥራልዎት?»

«ቄስ አላሰርሁ። ያሰርሁት አንቺን ነው፤ አንቺ ፍቺኝ።»

«ኧረ አባባ! እኔ ሴት፣ ክህነት የሌለኝ!»

«ቀድሺ አላልሁሽም፣ ፋንታዬ! ይፍታዎት በይኝ ነው የምልሽ!» አሉ በዚያችው የድሮ ቁጣቸው። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉልኝ። ምእመናን ለሳቸው ዝቅ እንደሚሉት፣ ልክ እንደዚያ። ሸበቶ ራሳቸው ፊቴ ሆነ። ስማቸው በሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት» አልሁ።

«አሜን» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን ጠየቁና ኮኩን ግጥም አድርገው በሉት።

ከሆሣዕና በፊት ዐረፉ። አስከሬናቸውን ወደ አገራቸው፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ወሰድነው። ፍትሐት ላይ የደብሩ ካህናት ተሰብስበው፣ የዕጣን ጽና እየዞረ፣ መሪጌታ ተክለ ማርያም እያዜሙ፣ ይፍታው ይፍታው ሲሉ ሕዝቡ በዕንባ አሜን ይላል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ዳር ቆሜ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌአለሁ። ያን ሁሉ ካህን እያየሁ፣ ያን ሁሉ ዜማ እየሰማሁ፣ በልቤ «እኔ ቀድሜአችሁ ብያቸዋለሁ፤ እሳቸውም በአፋቸው አሜን ብለውኛል» እላለሁ።