የውሻ ቄጠማ

አዝመራው የሚቀናበት ነገር አጥቶ አያውቅም፤ በዚያ ዓመት ግን በቄጠማ ቀና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በታች ባለችው የመንደራቸው ደብር፣ ለቀዳም ስዑር የሚታደለውን ቄጠማ ከጨፌው ነቅለው፣ ተሸክመው የሚያስገቡት የአዝመራው አባት ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ለልጃቸው ተላለፈ። አምና ግን አዝመራው በችኮላ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሚቆርጠውን ክፉ ዘር ደባልቆ አመጣና ያሰረው ሁሉ ግንባሩን ተቧጠጠ። ሴቶቹ «ግንባር ቆራጩ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ተጣበቀበት። ዘንድሮ ቄሰ ገበዝ ምስጋኑ ሥራውን ለአድማሴ ሰጡት።

ለሌላ ሰው ቢሰጡት ባልከፋው። ለአድማሴ! ለአብሮ አደጉ! ቄጠማ መለየትን ለአድማሴ ያስተማሩት እኮ የአዝመራው አባት ናቸው። ሁለቱንም ጨፌው ዳር አስቀምጠው፣ ዓይን አስጨፍነው፣ በጣት ያስለዩአቸው ነበር። «አድማሴ ጣት አለው» ይሉ ነበር። ስለ ልጃቸው ጣት አንድ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። በመሠረተ ትምህርቱም ጊዜ ሁለቱ እኩል ፊደል ቆጠሩ፤ በምረቃው ቀን ተነሥቶ እንዲያነብ የተጠራው ግን አድማሴ ነበር። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከአዝመራው ጆሮ አልወጣም።

ሐሙስ ዕለት አድማሴ ቄጠማውን ሲነቅል አዝመራው በሬ የሚጠብቅ መስሎ ከማዶ ቆሞ ያየዋል።

«ምን ታያለህ?» አለችው ሚስቱ አስቻለች፣ እንስራዋን አዝላ ከምንጩ ስትመለስ።

«በሬውን።»

«በሬው ከኋላህ ነው፤ የሰው ገብስ እየበላልህ። ወይ ጉድ! የሰው ባል በመሬት ይቀናል፣ በከብት ይቀናል፤ የኔው በሣር!»

«ሣር አይደለም! ሣር ውስጡ ባዶ ነው፣ አንጓም አለው። ቄጠማ ግን…»

«እሱን ለአድማሴ ንገረው» ብላው አለፈች።

ዓርብ መንደሩ በሙሉ ለስግደት ሲወጣ አዝመራው ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ዳገቱ ጭር ሲል ወደ ምንጩ ወረደ። አድማሴ እስሩን እንዳይጠወልግበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ድንጋይ ጭኖበታል። አዝመራው ከረግረጉ ዳር የውሻ ቄጠማ ይነቅል ጀመር።

የውሻ ቄጠማ ከሩቅ ላየው ቄጠማ ነው፤ ቁመቱም ልምላሜውም ያው። አበባ ሲይዝ ማንም ይለየዋል። የደህናው አበባ ጫፉ ላይ ነው፤ በረጃጅም ቅጠሎች ተከቦ እንደ ጥላ ይዘረጋል። የውሻው ከግንዱ ጎን በስቶ የወጣ ቡናማ ኪንታሮት ይመስላል። በዚያ ወር ግን ጫፍ ጫፉን ከብት ግጦት የቀረው ግንዱ ብቻ ነበር። ያኔ ዳኛው ጣት ነው። የደህናው ግንድ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በጣት ሲያሾሩት ይነክሳል፤ የውሻው ድቡልቡል ነውና ይንሸራተታል። ሆዱም እንደ ጥጥ ነጭ ነው፤ ሲቋጥሩት ቀጭ ይላል። ከግንባር ላይ አይታሰርም።

ከላይ የስግደቱ ድምፅ እየተሰማው እጁ አልቆመም። እስሩን ፈታ፣ መሃሉን አጎደለ፣ የውሻውን ጠቀጠቀበት፣ መልሶ አሰረው።

«ጣቱን ነገ እናየዋለን» አለ።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ አድማሴ እስሩን እንደተሸከመ በአዝመራው ደጅ ቆመ። አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እንዴት አደርክ አዝመራው? ጉልበትህስ?»

«ተሻለኝ። አንተስ ምን ሆንክ?»

«ያ መጋዝ የመሰለው ክፉ ዘር ቆረጠኝ። አሁን ደግሞ ከዚህ አንዱን መዝዤ ብቋጥረው ተሰበረብኝ፤ የውሻ ሳይገባበት አልቀረም። ጣቴ እንደምታየው ነው። የአባትህ ጣት ያለው አንተ ዘንድ ነው፤ በሞቴ፣ ቄሰ ገበዙ ሳይደርሱ ለይልኝ።»

የአባትህ ጣት! አዝመራው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቃል፣ መጥቶ መጥቶ ከዚህ ሰው አፍ። ደስ ሊለው ሲል ይባስ አንገበገበው። ሥራውን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ምስጋናውንም ቆርሶ ሰጪ እሱ ሆነ?

ተቀመጠና እስሩን ፈታው። እጁን ሰደድ አድርጎ ጭብጥ ሙሉ መዘዘ፣ ወረወረ። ደግሞ መዘዘ፣ ወረወረ።

«እዩት እዩት፣ ለካ ጣት አለው!» አለች አስቻለች ከበሩ ሆና እየሳቀች።

አድማሴ አልሳቀም።

«ዳር ዳሩን አልነካኸውም» አለ ቀስ ብሎ።

«እ?»

«ገብቶበታል አልኩህ እንጂ የት እንደገባ አልነገርኩህም። አንተ ግን በቀጥታ መሃሉን።»

የአዝመራው እጅ እስሩ ውስጥ እንዳለ ቀረ። የአስቻለች ሳቅ ተቆረጠ። «ትናንት ጉልበቴን ያልከው…» አለችና አልጨረሰችውም።

በዚህ መሃል ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ምነው ዘገያችሁ? ገበሬ ማኅበሩ ረፋድ ላይ ስብሰባ ጠርቷል፤ ሳይጠሩን አድለን እንጨርስ እንጂ። ይሄ የተጣለው ምንድን ነው?»

አዝመራው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«የውሻ ተቀላቅሎብኝ ነበር፣ አባ» አለ አድማሴ። «አዝመራው ለየልኝ።»

«አዝመራው? እሰይ፣ የአባቱ ልጅ! እንግዲያው እሱው ይሸከመው። ለከርሞም የሱ ነው።»

ተሸከመው። ውሃው በጋቢው ሰርጎ በጀርባው ይወርዳል። ደጀ ሰላሙ ላይ አንዷ «ግንባር ቆራጩ መጣላችሁ!» ብላ ሌሎቹን አሳቀች። አድማሴ ባዶ እጁን ከኋላው ይከተላል፤ አዝመራው ዞሮ ሊያየው አልደፈረም። ለምን አልተናገረም? እኔ ብሆን እናገር ነበር፤ እዚያው ነበር የማዋርደው። በዚህም በለጠኝ!

ቄጠማው ተባርኮ ሲታደል አድማሴ አጠገቡ መጣና ድርሻውን ዘረጋለት።

«እሰርልኝ፤ ጣቴ አይታዘዘኝም።»

አዝመራው ተቀብሎ፣ እንደ ልማዱ በጣቱ አሾረው። ነከሰው። ከዚያ ጎንበስ ባለለት ሰው ግንባር ላይ አዙሮ፣ ከሚገባው በላይ አጠበቀው። አድማሴ ጎንበስ እንዳለ ቆየለት። አዝመራውም ቋጠሮውን መልሶ ላላ አደረገው።