የቶሜ ሽታ

ያ ሽታ ለሌላው ሰው የብል ማባረሪያው የናፍታሊን ሽታ ነው፤ ለፉሳኤ ግን የእናቷ የቶሜ ሽታ ነው። ቶሜ በየዓመቱ የዝናቡ ወር ሲያልፍ ኪሞኖ የሚባሉትን የጃፓን የሐር ልብሶቿን ከቁምሣጥን አውጥታ ጥላ ሥር ትሰቅላቸው ነበር። ትንሿ ፉሳኤ በሐሮቹ መካከል እየተሽሎከለከች፣ "ያዢኝ እስቲ!" ትላታለች። ቶሜም ያላየቻት መስላ ታልፋታለች። ምን ዓይነት ቀን ነበር!

ቶሜ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ፉሳኤ ልብሶቹን ማናፈስ ትታለች፤ ሽታው ይሄድባታላ። እንዲያውም በየዓመቱ በአሮጌው ላይ አዲስ ናፍታሊን ትጨምራለች።

ልጇ ሚሆኮ እንደ ወጉ ልትወልድ ወደ እናቷ ቤት ስትመጣ፣ ቁምሣጥኑ ያለበትን ክፍል ሰጠቻት፤ ከቤቱ ምርጡ እሱ ነው። የሚሆኮ ባል ለሥራ ባሕር ማዶ ስለሄደ የመጣችው ገና በአምስተኛ ወሯ ነው። ሕፃኑ ተወልዶ ለምርቃት ወደ መቅደስ ሲወሰድ የሚደረብለት ኪሞኖም እዚያው ስለነበር፣ ፉሳኤ ብል እንዳይነካው ብላ ሁለት ከረጢት ናፍታሊን ጨመረችበት። ሴትዮዋ ስትወድ ልክ የላትም።

በስምንተኛው ወር ሐኪሙ ፅንሱ እንደሚጠበቀው እያደገ አይደለም አለ። በማግስቱ አዋላጇ ኩዋባራ ሚሆኮን ልትጠይቅ መጣች፤ ገና ከደጃፉ አፍንጫዋን ያዘች።

"ፉሳኤ፣ እዚህ ቤት የሚያባርሩት ብል ነው ወይስ ሰው?"

"የእናቴ ልብሶች ናቸው።"

"ልጅትዋስ የት ነው የምትተኛው?"

ፉሳኤ በጣቷ አሳየቻት። ኩዋባራ ገብታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ምክንያቱ ይሄ ነው ብዬ አልምልም። ፅንስ በብዙ ነገር ይቀጭጫል። ግን ነፍሰ ጡር ቀን ከሌት ይሄን እየሳበች አትከርምም። ዛሬውኑ ክፍል ይቀየርላት።"

"እኔ ደግሞ ራስ ምታቱ የእርግዝናው መስሎኝ" አለች ሚሆኮ።

"ራስሽን እያመመሽ ነበር? ምነው ዝም አልሽኝ?" አለች ፉሳኤ።

"ገብተሽ ቁምሣጥኑን ስትከፍቺ ፊትሽ ይፈካል እኮ፣ እማ። እንዴት ብዬ ይሸተኛል ልበልሽ?"

ፉሳኤ ያን ቀን ናፍታሊኑን አንድ ሳታስቀር ለቅማ ጣለች፤ ልብሶቹን ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር ሰቀለች። በየቀኑ ሽታው ሲሳሳ ተደብቃ ታለቅሳለች። ለራሷ አንዲት የእናቷን መቀነት ብቻ ከነሽታዋ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከድና ዕቃ ቤት ደበቀች።

ሕፃኗ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆና ተወለደች። ትንሽ ናት፤ ለቅሶዋ ግን ሰፈሩን ያዳርሳል። ያለ ናፍታሊኑ ምን ያህል ትመዝን እንደነበር የሚነግራት የለም፤ ፉሳኤ ግን ባቀፈቻት ቁጥር ይህንኑ ታስባለች።

ወደ መቅደስ በሚሄዱበት ጠዋት ኪሞኖውን አውጥታ አሸተተችው። ምንም የለበትም። እናቷ ዳግመኛ የሞተችባት መሰላትና ወደ ዕቃ ቤት ሮጠች።

እጇ ጠርሙሱ ክዳን ላይ እንዳለ ሕፃኗ አለቀሰች።

"እማ፣ ያዢልኝማ፤ ልብሴን ልቀይር" አለች ሚሆኮ ከውስጥ።

"መጣሁ።"

ጠርሙሱን እንደተከደነ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበችና ሄዳ ሕፃኗን አቀፈቻት።